በፍልሰታ የጠጣሁት ወተት

ወተት አልጠጣም። ሰው ሲጋብዘኝ «ሆዴን ይነፋኛል» እላለሁ፤ በሆድ ጉዳይ ደግሞ ማንም አይከራከርም። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ግን ለሥራ መርሳ ወርጄ መናኸሪያው ጎን ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንዲት ወተት ሻጭ በወይራ የታጠነ ዕቃዋን አጠገቤ ከፈተችው። ሽታው ሲደርሰኝ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው እቴ፣ አመመሽ?» አለችኝ። ባጃጁ ሲመጣ ለሹፌሩ የነገርኩት የሥራ ቦታዬን አይደለም። «ወደ ሲሪንቃ መንገድ ውሰደኝ፤ የምወርድበትን እኔ አሳይሃለሁ» አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸሸው የኖርኩት መንገድ ነው።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወልዲያ ውስጥ እናቴ፣ የእናቴ አባት አባባ ይመርና እኔ አብረን እንኖር ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው አዋሽ ማዶ ቀረ፤ መጀመሪያ በስልክ፣ ስልኩ ሲቋረጥ ደግሞ በወሬ ብቻ የምናውቀው ሰው ሆነ።

አባባ ጎሚስታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋናው መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ሲለጥፉና ሲነፉ ኖረው፣ ዓለሙን ሁሉ በጎማ ነበር የሚለኩት። የተቆጣ ሰው ሲያዩ «ከልክ በላይ ተነፍቷል፣ ይተንፍስ» ይላሉ። እኔ ስልፈሰፈስ «ለምለም ዛሬ ነፋስ አንሷታል» ይላሉ። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረች፣ ራሳቸው ከወይራ እንጨት የጠረቧት ትንሽ መስቀል ነበረች። የጎማ ማጣበቂያ በነካው እጃቸው ሲዳብሷት ኖረው መስቀሏ ጠቁራና ለስልሳ ነበር። ሴት አያቴ ከሞቱ ወዲህ የአባባ ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ወልዲያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሚስታቸው ጎን መቀበር። «ቦታዬን ይዛልኛለች፤ እንደ አውቶቡስ ወንበር» ይሉ ነበር።

በዚያ ክረምት ትልልቆቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ግንባር ነው። «ግንባሩ ተሰበረ» ሲባል ስሰማ የሆነ ሰው ግንባር መስሎኝ «ታዲያ በፋሻ አያስሩለትም?» ብዬ ጠየቅሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። አባባ ብቻ አልሳቁም። «ቢታሰርማ ምን ነበረበት» አሉ።

ፍልሰታ ሲገባ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመርኩ። አባቴ እንዲመለስ ብዬ ነው የያዝኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም፣ ከተናገሩት አይሰምርም ብዬ። የኔ ማተብ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሱዚ ስንጫወት ተበጥሶ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች፣ ኋላም ወንድሜን ወልዳ አራስ ስለሆነች፣ ሌላ የሚያስርልኝ አልተገኘም።

ወንድሜ በተወለደ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መጣ። የቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከቁርስ ሰዓት በፊት ሰፈሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። አንድ የአባባ ደንበኛ የነበረ የአይሱዙ ሹፌር በራችን ላይ ቆመና «ጋሽ ይመር፣ የማስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በስንት ግፊያ» አለ። አባባ እናቴን ከነሕፃኑ ክንዷን ይዘው ጫኗት። እሷ ከላይ ሆና እያለቀሰች የምትናገረው ለእኔ ነበር።

«ለምለም፣ እጃቸውን እንዳትለቂ። መርሳ እታለም ቤት እንገናኝ። እጃቸውን እንዳትለቂ፣ አደራ!»

እታለም መርሳ ውስጥ ሱቅ ያላት አክስቴ ናት። አባባ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! ሂጂ አንቺ፣ አትዘግዪ» አሏት። መኪናው ሲነሣ ደግሞ ወደኔ ዘወር ብለው «የኋላ ግራ ጎማው ነፋስ አንሶታል» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ።

ሰው ከመንገዱ ሞልቶ ወደ ጎን ይፈስ ነበር። አንዱ የልብስ ስፌት መኪናውን ራስ ብቻ ፈትቶ ተሸክሟል። አንዷ ዶሮዎቿን በዘንቢል ይዛለች፤ አንገታቸው ብቻ ወጥቶ ሰውን ያያሉ። እኔ በፌስታል ሁለት ደብተርና አንድ ሹራብ ይዤአለሁ፤ መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀመር መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ እንደ ሽርሽር ጥሞኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን የላስቲክ ጫማዬ ተረከዜን ላጠው፣ የአባባም እርምጃ እያጠረ መጣ። በየኪሎ ሜትሩ ምልክት እየተቀመጡ «ትንሽ ይብረድ፣ ሞተሩ ግሏል» ይሉኛል። ሲስቁ ከንፈራቸው ነጭ ነበር።

አንድ መንደር አጠገብ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ትልቅ ሳፋ ንፍሮ ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ለሚያልፈው ሁሉ በእፍኟ ታድላለች።

«ብሉ ወገኖቼ፣ ብሉ። የጾም ነው፣ ቅቤም አልነካው» ትላለች።

አባባ በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አላህ ይስጥልኝ» አሏት። እሷም «አሚን አባቴ፣ አብሽሩ» አለች። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም። አባባ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በየራሱ አነጋገር ሲመርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውም አባት አሊ ነው የሚባሉት። በኛ አገር ስም ሃይማኖት አይነግርም። የሚነግረው ማተብ ነው፤ ሰው ምን እንደሚያቀርብልህ የሚያውቀውም በእሱ ነው። ያቺ ሴት ማንም ሳይነግራት ጾማችንን አክብራ ቅቤውን ተወችው።

ሲሪንቃ ስንደርስ የእርሻ ምርምር ማዕከሉን ማሳ በሽቦው መሀል አየሁት። ማሽላው በትንንሽ መደብ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ፊት ላይ ጽሑፍ ያለባት ሰሌዳ ተተክላለች። «አባባ፣ መቃብር ነው?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ማሽላውን በስሙ ነው የሚጠሩት፤ እንዳይደባለቅ» አሉኝ። ማሽላ እንኳ እንዳይደባለቅ በስሙ ይጻፍለታል። ይህ ነገር ኋላ ስንት ጊዜ እንደመጣብኝ።

ከዚያ ትንሽ እንዳለፍን ከፊት የሄዱ ሰዎች ወደኛ ሲሮጡ መጡ። «አስፋልቱን ልቀቁ፣ ይተኮሳል፣ በላይ በኩል ሂዱ» አሉ። እኛም ከሕዝቡ ጋር ወደ ተራራው ግርጌ በእግር መንገድ ወጣን። ሰማዩ የዚያን ጊዜ ነው የጠቆረው። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ቀጥሎ ጠጠር የሚያህል በረዶ፣ ቀጥሎ ዝናቡ እንደ ገመድ ወረደ። መብረቁ ሲሰነጠቅ ሰው ሁሉ መድፍ መስሎት መሬት ላይ ተኛ። እኔ ጮህኩ። ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የአባባን እጅ ለቅቄ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። ማተብ ስለሌለኝ መብረቁ እኔን መርጦ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይሄንንም እየጮህኩ ተናገርኩት።

አባባ አጠገቤ ተንበረከኩ። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷቸዋል። ከአንገታቸው ያቺን ጥቁር ክር አወለቁና አንገቴ ላይ አጠለቋት።

«ይኸው። አሁን አይነካሽም። መርሳ ስንገባ ትመልሺልኛለሽ፤ ስጦታ አይደለም፣ ውሰት ነው» አሉኝ። ቀልደኛ ነበሩ እኮ። በዚያ ሰዓት እንኳ ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። እኔም ፀጥ አልኩ፣ መስቀሏ ደረቴ ላይ ትሞቅ ነበር።

ትንሽ ወረድ እንዳልን ጠዋት ሰው በጫማው የሚሻገረው ደረቅ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል። ወጣቶች ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥረው ሰውን አንድ በአንድ ያሻግራሉ። እኔን አንዱ በትከሻው ተሸክሞ አሻገረኝ። አባባ መሀል ላይ ድንጋይ ከዳቸው። ውኃው ከነጋቢያቸው ገለበጣቸው፤ ሁለት ሰዎች ዘለው ገብተው በልብሳቸው ይዘው አወጧቸው። ዳር ላይ አስቀመጧቸው። «አባባ! አባባ!» ስል ቀና ብለው አዩኝ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። የወጣው ቃል ሳይሆን እንደሚተነፍስ ጎማ ያለ ድምፅ ነበር። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጥሏል። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሁለቱ ሰዎች ስማችንን እንኳ አልጠየቁንም። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ፈልገው ጋቢውን አስረው ቃሬዛ ሠሩና እየተንሸራተቱ ዳገቱን ተሸክመዋቸው ወጡ። አንደኛው ኮቱን አውልቆ አልብሷቸዋል፤ ራሱ በቀጭን ሸሚዝ ይንዘፈዘፋል። መጀመሪያ ያገኘነው ቤት የእማ ዘይነባ ቤት ነበር።

እማ ዘይነባ ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ነበሩ። «ያረቢ! አስገቡ፣ አስገቡ፣ በሩን የሚዘጋባችሁ ማን አለ!» እያሉ የራሳቸውን አልጋ ጎትተው ወደ ምድጃው አስጠጉት። አባባን አስተኝተው እግራቸውን በሞቀ ጨርቅ ያሹ ጀመር። እኔን «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ይሻላቸዋል» አሉና ልጃቸው ፋጡማ ደረቅ ቀሚሷን እንድትሰጠኝ አዘዟት። ፋጡማ ከኔ በሁለት በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው።

ከጎታው ጀርባ ሆኜ እርጥቡን ልብስ ሳወልቅ ያ ሽታ መጣ። ፋጡማ የወተት ዕቃውን ከፍታለች። ወይራ፣ ጭስ፣ ትኩስ ወተት። ከጠዋት ጀምሮ በሆዴ ያለው አንድ እፍኝ ንፍሮ ነው። ምራቄ አፌን ሞላው፤ ሆዴ ጮኸ፤ እሱን እንዳይሰሙት በእጄ ያዝኩት።

እማ ዘይነባ ለፋጡማ ቀስ ብለው ሲነግሯት ሰማሁ። «ቆይ ልጄ፣ ፍልሰታ ነው። ጾመኞች ከሆኑ ወተት አቅርበን አናሳፍራቸው፤ ሽሮ ጣጂ። እስቲ ልጅቷን ልጠይቃት።»

ሽሮ እስኪበስል ስንት ሰዓት ነው? ልጅ ነበርኩ፤ የተራበ ልጅ። ማተቡን ከአንገቴ አወለቅሁና ከፌስታሉ ሥር፣ ከረጠቡት ደብተሮቼ መሀል ከተትኩት። ከዚያ ብቅ አልኩ።

እማ ዘይነባ ባዶ አንገቴን አዩ። ቢሆንም ጠየቁኝ፣ ጨዋ ነበሩና። «ልጄ፣ ትጾማላችሁ እንዴ?»

«አይ» አልኩ።

«የአባባስ ስም ማነው?»

«ይመር። ይመር አሊ።»

«በይ እንግዲያ ቢስሚላሂ ብለሽ ጠጪ» አሉና ጣሳውን ሞልተው ሰጡኝ። «ቢስሚላህ» አልኩ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስበላ የለመድኩት ነው። ጠጣሁት። ሳልተነፍስ ጠጣሁት። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ጣሳውን ሳወርድ አባባ ያዩኛል። ሰምተዋል። እማ ዘይነባ ወተት በማንኪያ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አባባ ጥርሳቸውን ገጠሙ። እንደገና ሞከሩ፤ አልከፈቱም። «አቅቷቸዋል፣ መዋጥ አቅቷቸዋል» አሉ እማ ዘይነባ። እኔ ግን አውቄ ነበር። ጾሜን ስለገደፍኩ የተቆጡኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ያለው አልመሰለኝም።

ዝናቡ ሲያባራ የአካባቢው ሰው «መንገዱ ሊዘጋ ነው፣ የሚሄድ አሁኑኑ ይሂድ» እያለ መጣ። የወልዲያ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከሚያልፈው ሕዝብ መሀል አየችኝና ገባች። አባባን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸውን ተሸክሞ መርሳ የሚደርስ ሰው አልነበረም። እማ ዘይነባ እጄን ያዙ።

«ልጅቷ እናቷ ጋ ትሂድ። እሳቸው እዚህ ይቆያሉ። አደራቸውን እኔ ተቀብያለሁ፤ እንደ አባቴ ነው የምይዛቸው።»

ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል አባባ ግራ እጃቸውን አነሡና አንገቴን ዳበሱት። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የሚፈልጉትን አወቅሁ። ፌስታሉ በእጄ ነበር። ማተቡን ባወጣው ግን እማ ዘይነባ፣ ፋጡማ፣ እትዬ አስካለ፣ ሁሉም ውሸቴን ያዩታል። ወደኋላ አልኩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያን እጅ ነበር እናቴ እንዳትለቂ ያለችኝ።

ሊጨልም ሲል መርሳ ደረስን። እናቴ የእታለም ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ከኔ ጀርባ ለረዥም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ «ብቻሽን?» አለችኝ። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ከመርሳም ሸሸን፤ መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ።

የተመለስነው ታኅሣሥ ላይ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው። እናቴ ወንድሜን አዝላ እየመራኋት እማ ዘይነባ ቤት ደረስን። እማ ዘይነባ ገና ከሩቅ ሲያዩን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ እዚያው ተቀመጠች።

አባባ የኖሩት ሦስት ቀን ነው። «አንድ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሰፈሩ በተራ ሲጠብቃቸው ነበር» አሉ እማ ዘይነባ። «ያችን ግራ እጃቸውን አንገታቸው ላይ እያደረጉ ይመልሳሉ፣ ያደርጋሉ ይመልሳሉ። ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው ብለን ማር በጥብጠን ሰጠናቸው። ሲሞቱ አጥበን፣ ከፍነን፣ ሸሁ ሰግደውባቸው፣ ከአባቴ ጎን ነው ያሳረፍናቸው። ተኩስ እያለ እንኳ ማንም አልቀረ።»

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። «ምን አላችሁ? ሸሁ?»

እማ ዘይነባ የእናቴን አንገት፣ የማተቧን ክር አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«አባቴ ክርስቲያን ነው!» አለች እናቴ። «ቆራቢ ነው! ማተቡስ? ማተቡን ማን በጠሰው?»

«ወላሂ፣ አንገታቸው ባዶ ነበር።»

«ውሸት ነው። በጥሳችሁ ጥላችሁት ነው። እሺ አትጠይቁም? ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ይቀብራል?»

ፋጡማ «እማ ጠይቃለች እኮ...» ብላ ጀመረች። እማ ዘይነባ ክንዷን ያዝ አደረጓት። እኔን አሁንም እያዩኝ ነበር። ማተቡ ቀሚሴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነበር፤ ልቤ ስትመታ መስቀሏ የምትሰማ መሰለኝ። አፌን ብከፍት ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም።

«አልጠየቅኩም» አሉ እማ ዘይነባ። «መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውፍ በይኝ።»

እናቴ ይቅር አላለቻቸውም። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ገብተው «የተቀበረ አይነሣም፤ አፈሩ አንድ ነው» ብለው ለመኗት። ወልዲያ ተመልሳ ባዶ አልጋ ላይ ልብሳቸውን ዘርግታ አስለቀሰች፤ ፍትሐቱም ተፈታ። ከሚስታቸው ጎን ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። እማ ዘይነባ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰው ልከውባት ነበር። አልተቀበለችም። «እነዚያ ሰዎች» ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ወንድሜም «እነዚያ ሰዎች» ማለት ተምሮ አደገ። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እሷ ባለችበት መስቀሏን ከልብሴ ውስጥ አላወጣትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን አልቀለለኝም።

ባጃጁ ከመንገዱ ጥግ አወረደኝና ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ለእማ ዘይነባ የምለውን ከመርሳ ጀምሮ ሳጠናው ነበር። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። ለአፍታ አየችኝ።

«ለምለም አይደለሽ?» አለችኝ። ፋጡማ ነበረች።

እናቷ ያለፈው ረመዳን ሞተዋል።

ወስዳ አሳየችኝ። በድንጋይ የተከበቡ ሦስት መቃብሮች ናቸው፤ የእማ ዘይነባ አባት፣ መሀል አባባ፣ ከዚህ ወዲህ እማ ዘይነባ። የአባባ ላይ ሣሩ ታጭዷል። ማተቡን ከአንገቴ አውልቄ በእጄ ይዤ ቆምኩ። መርሳ ስንገባ ትመልሺልኛለሽ ብለውኝ ነበር። የምመልሰው ለማን ነው? እዚያ ብተወው ከእማ ዘይነባ አባት ጎን መስቀል ማስቀመጥ ነው፤ የሰውን ማረፊያ መድፈር ነው። መልሼ አጠለቅሁት።

«እማ ያኔውኑ ነው ያወቀችው፤ እናትሽ ማተብ ብላ ስትጮህ ፊትሽን አይታ» አለችኝ ፋጡማ። «እንዳንናገር አስማለችን። ልጅ ናት፣ በናቷ ፊት አላዋርዳትም አለች። ከመጣች ምንም አትጠይቋት ብላናለች።»

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ፋጡማ እንደ ልማዷ የወተት ዕቃውን አንሥታ ክዳኑን ከፈተች። ወይራው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ድንገት እጇ ቆመ፤ አንገቴን አየች፣ መሬቱን አየች። ፍልሰታ ነው።

«ትጾማላችሁ እንዴ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አዎ» አልኳት። «እንጾማለን። አባባም፣ እኔም እንጾማለን።»

ፋጡማ ዕቃውን ከደነችና ሽሮ ልትጥድ ተነሣች።